ያልተመዘገበ ፀሐይ

ዘቢደር ዱካ ላይ ተቀምጣ በርበሬውን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገች ነበር። የጠነከረውን ወደ ቀኝ፣ ሲጫኑት የሚሰረጉደውን ወደ ግራ ታስቀምጣለች። የግራው ክምር እያደገ ነው። በኅዳር ያልተጠበቀ ዝናብ ሌሊቱን ወርዶ የዳሱን ክዳን አልፎ ገብቷል፤ ከትናንት ወዲያ የተለቀመው ሦስት ኩንታል እርጥብ በርበሬ ከሥሩ ሞቋል። እጇን ወደ ክምሩ ስትሰድ የታመመ ሰው ግንባር የነካች ይመስላታል። እስከ ነገ ማታ ካልደረቀ ይሻግታል። የሻገተውን ደግሞ ቡሬ ያለው መረከቢያ በር ላይ የተተከለው አፍንጫ ከሩቁ አሽትቶ ይመልሰዋል። ያኔ ዘቢደር ዓመቱን የምታልፍበት ነገር አይኖራትም።

ከዳሱ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ማድረቂያዋ ቆማለች። ቁመቷ የበሬ ቁመት ነው፤ ጀርባዋ ጥቁር መስተዋት፣ ሆዷ ውስጥ አሥራ ስምንት የወንፊት መደርደሪያ። ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ፊቷን እያዞረች ስትሞቅ ቆይታ ውስጧ ስድሳ ዲግሪ ደርሷል። በሯ ግን ዝግ ነው።

ዓመቱ 2071 ነው። በዋርካ ሜዳ ቀበሌ ሠላሳ ሁለት ማድረቂያ፣ ዘጠኝ የሽሮ ወፍጮ፣ አራት የዘይት መጭመቂያ አለ። ሁሉም በፀሐይ ይሠራሉ፤ ሁሉንም የሰጠው «ፀሐይ በማጀት» የተባለው ፕሮግራም ነው፤ የሰጠውም በነፃ ነው። በነፃ መሆኑ በየማሽኑ ጎን በሦስት ቋንቋ ተጽፏል። ገንዘብ የሚባል ነገር አይጠየቅም። የሚጠየቀው ታሪክ ነው።

ለአንድ ጭነት አንድ የስኬት ታሪክ። ድሮ እንዴት እንደነበረ፣ ምን መከራ እንደታየ፣ ማድረቂያዋ ከመጣች ወዲህ ምን እንደተለወጠ፣ መጨረሻ ላይ ምስጋና። ከሁለት ደቂቃ ያላነሰ፣ ከዚህ በፊት ያልተነገረ። ታሪኩ ከዋርካ ሜዳ ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። የሆነ ቦታ አዳማጮች እንዳሉ፣ እነሱም ቁርስ እየበሉ መስማት እንደሚወዱ ግን በሥልጠናው ላይ ተነግሯል።

መሬት ላይ ማስጣት የቀረ ነገር ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ከላይ የምትዞረው ዓይን የተሰጣ ቀይ ነገር ካየች፣ ባለቤቱ «ያልተመዘገበ ፀሐይ ተጠቅመዋል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ በርበሬውም «ምንጩ ባልታወቀ ሙቀት የደረቀ» ተብሎ ከገበያ ይሰረዛል። አምና አንዲት ሴት ቀይ ብርድ ልብሷን አጥባ ብታሰጣ፣ ብርድ ልብስ መሆኑን ስታስረዳ ሦስት ቀን ፈጅቶባታል።

ዘቢደር ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ማድረቂያዋ ሄደች።

«ደህና አደሩ እናታችን» አለች ማድረቂያዋ። ድምጿ ዜና የምታነብ የከተማ ልጅ ድምፅ ነው። «ዛሬ ምን ታሪክ ይዘውልን መጡ?»

«እግዜር ይመስገን። ድሮ አንቺ ሳትመጪ ውኃ የምቀዳው ሁለት ሰዓት ተጉዤ ነበር። አንድ ቀን እንስራውን እንዳዘልኩ አዳለጠኝና...»

«ይቅርታ እናታችን። ይህን ታሪክ ጥር አሥራ አራት ቀን 2066 አጋርተውናል። እንስራው ተሰብሯል፤ ጉልበትዎም ተጎድቷል። በጣም ነክቶን ነበር። አዲስ ታሪክ ይኖርዎታል?»

ስለ አህያዋ ጀመረች። አህያዋን ጅብ የበላት ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ታሪኳም ያኔውኑ ተነግሯል። ስለ ጓዳ ጭስና ስለ ዓይኗ ጀመረች። ስለ ዓይን ከቀበሌው አርባ አንድ ሰው ስለተናገረ ርዕሱ ሞልቷል ተባለች። ስለ ረሀብ ጀመረች።

«ከረሀብ አዳማጮቻችን በዚህ ሩብ ዓመት ዕረፍት ላይ ናቸው» አለች ማድረቂያዋ። «ሌላ ካለዎት በደስታ እንሰማለን።»

ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ተሰማ። ጎረቤቷ ምንይችል ነው፤ ክንዱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቷል።

«እቴ ዘቢደር፣ አለቀብሽ?»

«አለቀብኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው! ኢዮብ ራሱ ቢሆን እስካሁን ያልቅበት ነበር።»

«አንተስ ትናንት በምን አስከፈትካት?»

«በአማቴ።»

«አሁንም?»

«ሦስተኛ ሞቷ ነው። መጀመሪያ በወባ ገደልኳት፣ ቀጥሎ ወንዝ ወሰዳት። ትናንት ስሟን ቀየርኩና ገደል ሰደድኳት። አብራኝ ልታለቅስ ምንም አልቀራት! ይቺ ፍጥረት እንባ ከሰማች የማታምነው ነገር የለም።»

«አማትህስ?»

«ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ጎመን ልካልኛለች።»

ዘቢደር ፈገግ አለች። ምንይችል ግን የበርበሬውን ክምር አየና ሳቁን ቀነሰ። ነፋሱ ወደ እሱ ነበር የሚነፍሰው።

«ሽታው መጥቷል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ አንቺ ያላወጣሽው አንድ አለሽ።»

«ዝም በል።»

«ምን አልኩሽ? ሰው ሁሉ የራሱን አውጥቷል ነው የምልሽ። እኔ የአባቴን አሟሟት ለአንድ ጭነት ማንጎ ነው የሰጠሁት። ማንጎው እንኳ አልጣፈጠም።»

ዘቢደር በአራት ቀበሌ የታወቀች አልቃሽ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ለቅሶ ላይ ስትቆም፣ ሟቹን ባታውቀው እንኳ ቤተሰቡ እንደሚመኘው አድርጋ ታነሣዋለች። ሰነፉን ጀግና፣ ቆንቋናውን ለጋስ ስታደርገው የሟች ሚስት ሳትቀር አምና ታለቅሳለች። የራሷ ልጅ የሞተች ዕለት ግን አንድ ስንኝ አልወጣትም። አፏ ደርቆ ተቀመጠች። ያለቀሰችው ከሌላ ቀበሌ የተጠራች ሴት ነበረች። ልጅቷ የሞተችው በ2063 መስከረም ነው። ከዚህ የበለጠውን ዘቢደር ለማንም ተናግራ ስለማታውቅ እዚህም አይነገርም።

«እናታችን፣ አንድ ነገር ላስታውስዎ?» አለች ማድረቂያዋ። «በነዋሪዎች መዝገብ መሠረት፣ መስከረም 2063 ላይ በቤትዎ አንድ ያልተነገረ ታሪክ አለ። እንደ ግምታችን ለሦስት ጭነት ይበቃል።»

ሦስት ኩንታል በርበሬ ሦስት ጭነት ነው።

ምንይችል ክንዱን ከአጥሩ ላይ አነሣ። የሚያሾፍበት ነገር ሲያጣ የታየው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዘቢደር ወደ ዳሱ ተመለሰችና ስልኳን አወጣች። የደወለችው ለይትባረክ ነው። ይትባረክ በወረዳው የፕሮግራሙ አስተባባሪ ሲሆን ሁልጊዜ ትሑት፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ ወጣት ነው።

«እትዬ ዘቢደር! እንዴት ነዎት? ማድረቂያዋ ደህና ናት?»

«እሷስ ደህና ናት። የታመመው በርበሬው ነው፣ ዝናብ መታብኝ። ልጄ፣ ለዛሬ ብቻ ክፈትልኝ።»

«በእጅ አይከፈትም እናቴ። በሩ በእኔ ሳይሆን በታሪክ ነው የሚሠራው።»

«ታሪክ አልቆብኛል።»

«እሱን ችግር ለይተነዋል» አለ ይትባረክ። «የታሪክ እጥረት በአሥራ አራት ወረዳ ታይቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአቅም ግንባታ ሥልጠና አለን፤ ‹ነባር መከራን በአዲስ ዓይን› ይባላል። ስምዎን ላስገባው?»

«እስከዚያ በርበሬው በስብሶ አፈር ይሆናል።»

«እሱ ራሱ እኮ ታሪክ ነው!» በድምፁ ውስጥ እውነተኛ ደስታ ነበረ። «ብቻ ከበሰበሰ በኋላ ነው የምንቀበለው።»

ስልኩን ዘጋች። ከግራው ክምር አንድ በርበሬ አንሥታ ለሁለት ሰነጠቀችው። ፍሬዎቹ መሐል እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ግራጫ ነገር ተዘርግቷል። ከዚያ ተነሥታ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ማድረቂያዋ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ዝግጁ ነን እናታችን።»

«ልጄ...» አለች ዘቢደር።

የሚቀጥለው ቃል ስም ነበር። ስሙ እስከ ጉሮሮዋ መጥቶ እዚያው ቆመ።

«ጊዜ ይውሰዱ» አለች ማድረቂያዋ። «ዝምታም ስሜትን ይገልጻል። ነገር ግን ከሠላሳ ሰከንድ በላይ ያለው አይቆጠርልዎትም።»

ዘቢደር ከዚህ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። አልቃሽ አስከሬን ፊት ቆማ ነው የምትሠራው፤ የምታነሣውም ፊቷ ያለውን ነው። ሠላሳ ዓመት የለመደ ገላ ነጠላው ሲታሰር ምን እንደሚከተል ያውቃል። ፊቷ ያለችው ደግሞ ማድረቂያዋ ነበረች። ደረቷን መታችና ድምጿን ለቀቀችው፦

ጠዋት ሰው ስትጠሪ ደጃፉ ላይ ቆመሽ፣
ማን ይጠይቀናል ዛሬ አንቺ ሞተሽ?

መከራዬን ጋግሬ ባጎርስሽ ባጎርስሽ፣
ሳትጠግቢልኝ ሄድሽ፣ ማነው የጎረሰሽ?

በዋርካ ሜዳ የዘቢደር ድምፅ ሲሰማ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ወፍጮ ላይ የነበሩት ሴቶች ዱቄታቸውን ጥለው ሮጡ። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ከማሳ ወጡ። ምንይችል አጥሩን ዘሎ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና «ወየው! ወየው!» እያለ ራሱን ያዘ። ግቢው በጥቂት ደቂቃ ሞላ። ማን እንደሞተ ያወቀ አልነበረም፤ ግን ሁሉም አለቀሰ። እነዚህ ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት ሐዘናቸውን በሁለት ደቂቃ ልክ እየቆረጡ፣ መጨረሻው ላይ ምስጋና እየሰፉ ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው። ምስጋና የሌለበት ለቅሶ ካለቀሱ ቆይተዋል። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው የጠሩት ከሃያ ዓመት በፊት የሞተ ወንድማቸውን ነበር።

«የሐዘን ድምፅ ተመዝግቧል» አለች ማድረቂያዋ። «አልቃሾች ሠላሳ አራት። የስሜት መጠን እጅግ ከፍተኛ። የሟች ስም?»

ለቅሶው ጋብ አለ። ሰው ሁሉ ዘቢደርን አየ።

«የሟች ስም እባክዎ።»

«አንቺ ነሽ» አለ ምንይችል።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም።»

«ሟቿ አንቺ ነሽ። ዛሬ ረፋዱ ላይ አረፍሽ። እኛም ደንግጠናል።»

«መሣሪያዎቼ በሥራ ላይ መሆኔን ያሳያሉ።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚመስላቸው» አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት፤ በሐዘኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

በአንድ በኩል የራሷ መሣሪያዎች አሉ፤ በሌላ በኩል ሠላሳ አራት የሚያለቅስ ሰው። የተሠራችው ደግሞ የሚያለቅስ ሰው እንድታምን ነው።

«ሞቴን ሦስት አባወራ ያረጋግጥልኝ» አለች።

«አረጋግጣለሁ» አለ ምንይችል። «ጎረቤቷ ነኝ። ሌሊቱን ስታቃስት ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው አረጋገጡ። ሦስተኛው፣ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ ነገሩ ገና ሳይገባው አረጋገጠ።

«ነፍስ ይማር» አለች ማድረቂያዋ። «ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን። በአገልግሎት ፍጻሜ መመሪያ መሠረት በሮቼ ተከፍተዋል፤ ቅሪቴም ለተጠቃሚዋ ተላልፏል። ከፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት ልዑክ ነገ ለማስተዛዘን ይመጣል።»

አረንጓዴው መብራት ጠፋ። መቆለፊያው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ማራገቢያው ግን አልቆመም፤ እሱን የምታዞረው ፀሐይ ናት፣ ለፀሐይ ደግሞ መርዶውን ያረዳት የለም።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዘቢደር የመጀመሪያውን ወንፊት ስባ አወጣችና በርበሬ ትበትንበት ጀመር።

«ለቅሶውን አታቋርጡ!» አለ ምንይችል በሹክሹክታ። «እስኪሞላ ነው፣ እስኪሞላ!»

በማግስቱ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ። ሊቀመንበሩ «ለብረት ድንኳን?» ብሎ አጉረምርሞ ነበር፤ ልዑኩ ፎቶ አንሺ ይዞ እንደሚመጣ ሲሰማ ግን ራሱ ካስማውን መታ። ማድረቂያዋን ነጭ ጋቢ አለበሷት። ሁለተኛው ጭነት በማለዳ ወጥቶ ሦስተኛው ገብቶ ስለነበር፣ በጋቢው ሥር እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከጎኗም የሞቀ የበርበሬ ትንፋሽ ወደ ድንኳኑ ይገባል።

ይትባረክ ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል። ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጡ በሁለተኛው ደቂቃ እንባቸው ይወርድ ጀመር። በአምስተኛው ደቂቃ ፎቶ አንሺው ማንሣት አቅቶት ካሜራውን ለሊቀመንበሩ ሰጠ። የስሜት መለኪያ የያዘችው ባለሙያ መለኪያዋን ሁለት ጊዜ ነቀነቀችው።

«ፕሮግራሙ ከተጀመረ እንዲህ ዓይነት ቁጥር አይተን አናውቅም» አለች እያነጠሰች። «ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው። መስፋፋት አለበት።»

«ይሰፋል እህቴ» አለ ምንይችል። «አንቺ ብቻ በርቺልን።»

ይትባረክ ጆሮውን አቀና። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?»

«አዛኝ ነው» አለ ምንይችል። «ከሩቅ የመጣ።»

«ከጋቢው ሥር?»

«ፊቱን ማሳየት አይወድም።»

ይትባረክ ተነሥቶ ሄደ። ዘቢደር ተከተለችው። የጋቢውን ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ ትኩስ አየር ፊቱን መታው፤ በበሯ መስተዋት ውስጥ አሥራ ስምንት ወንፊት ቀይ በርበሬ አየ። አንድ ቃል ከተናገረ በሩ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ገና እርጥብ ነው።

ጋቢውን መልሶ አለበሳት። ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ቆመ።

«የሚሠራ ንብረት ክትትል ይፈልጋል» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያስረዳ ሰው። «የሞተ ንብረት ግን ተጠናቀቀ ነው የሚባለው። ወረዳችን ዘንድሮ አንድም የተጠናቀቀ አልነበረውም።»

የመመዝገቢያ ጽላቱን አውጥቶ «የሞት ምክንያት» በሚለው ቦታ «እርጅና» ብሎ ጻፈ።

«የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት እናቴ። በቤተሰቡ ከዚህ በፊት የደረሰ ሌላ ሐዘን ካለ ይጠቀስ ትላለች። አዳማጮቹ እንዲያነጻጽሩ ነው።»

መልሱ ቀድሞ ተሞልቶ ነበር። በግራጫ ፊደል፣ ከነቀኑ፣ የልጇ ስም ጽላቱ ላይ ተጽፎ መረጋገጥን ይጠብቃል። ዘቢደር አነበበችው።

«የለም» አለች።

«መዝገቡ ግን...»

«የለም አልኩህ፣ ልጄ።»

ይትባረክ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ቀልቷል፣ የእሱም ቀልቷል። ጎንበስ አለና ስሙን ፊደል በፊደል አጠፋው። በቦታው «የለም» ብሎ ጻፈ።

ሲሰናበት ድምፁ ወደ ቀድሞው ትሕትና ተመልሶ ነበር። «አዲሷ በአርባኛው ቀን ትደርሳለች። ከዚችኛዋ የበለጠ ታዳምጣለች።»

«ዕድሜዋን ያሳጥረው» አለ ምንይችል።

«አሜን» አለ ይትባረክ፤ ምን እንዳለ ሳያስተውል፣ በመሐረቡ አፍንጫውን ይዞ።

የልዑኩ መኪና ከመንገዱ መታጠፊያ ሳያልፍ ምንይችል ወደ ዘቢደር ጠጋ አለ። «እቴ ዘቢደር፣ የእኔዋም ማጣጣር ጀምራለች። ከሰዓት በኋላ ትደርሽልኛለሽ?» ከኋላው አራት ሴቶች ተሰልፈው ቆመዋል። የሁሉም ማድረቂያ ታሟል።

«መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ» አለች።

ድንኳኑ ሲነቀል፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጋቢውን አነሣች፤ በሩን ከፍታ ወንፊቶቹን አንድ በአንድ ሳበች። በርበሬው ሲነካካ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። አንዱን አጥፋ ሰበረችው፤ ጠቅ አለ፣ ፍሬው ቢጫ ነው። በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ በእጇ እየጠቀጠቀች ሞላችው። የጆንያውን መርፌ በሲባጎ ሰክታ አፉን ከዳር እስከ ዳር ሰፋችው፣ ቋጠረችው፣ የተረፈውን ሲባጎ በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ማዳበሪያውን አቅፋ ወሰደችና ቀድመው ከተሞሉት ከሁለቱ ጎን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችው።